ማታ የማይወልቀው

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤታችን በር ላይ መቀስ ይጠብቀን ነበር። ዩኒት ሊደሩ ከጥበቃው ጎን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ መቀሱ በተጣመሩት እጆቹ ውስጥ ነው። ያረፈደ ወደ ግራ፣ ሹራብ ያልለበሰ ወደ ቀኝ፣ ጸጉሩ ያደገ ግን እዚያው እሱ ፊት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከእኛ መሃል አንድ ልጅ ነበር፤ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ እናቱ እሑድ እሑድ ቅቤ የምትቀባው። ዩኒት ሊደሩ አንገቱን ያዝ አድርጎ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ መስመር ቆረጠበት። አልላጨውም፤ መሃል ለመሃል መንገድ አወጣበት እንጂ። የቀረውን ከትምህርት በኋላ ራሱ ከፍሎ እንዲላጨው ነው። እስከዚያ በዚያ ራስ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይማራል። የተቆረጠው ጸጉር ጠጠሩ ላይ ወደቀ፤ ቅቤው ገና ስላልደረቀ አቧራው ወዲያው ያዘው፤ ከኋላ የመጡት ረግጠውት አለፉ።

እኛ ሰልፍ ላይ ሆነን ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ልጁን የሚጠላው አንድም ሰው አልነበረም፤ ጎበዝ ነው፣ ኳስ ይችላል፣ ደብተር ያውሳል። የሳቅነው ተራው የእኛ ስላልነበረ ነው። ይህን ያወቅሁት ብዙ ዘግይቼ ነው፤ ያን ቀን ነገሩ የሚያስቅ ስለሆነ የሳቅኩ መስሎኝ ነበር።

ስለ ተማሪ መብት፣ ሰውን ሁሉ አንድ ስለማስመሰል ባሰብኩ ቁጥር ከሕጉም ከፍልስፍናውም ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ሳቅ ነው። መቀሱን የያዘው አንድ ሰው ነበር፤ የሳቅነው ግን ሰልፉን የሞላነው ሁላችን ነን።

የክፍል አለቃም ነበርኩ። መምህር የዘገየ ወይም የቀረ እንደሆነ ከደብተሬ መሃል ወረቀት ገንጥዬ «ረባሽ» ብዬ ርእስ እሰጥና የሚያወራውን እመዘግባለሁ። ስሙ አንዴ የተጻፈ ልጅ ደግሞ ካወራ ከስሙ አጠገብ የኤክስ ምልክት ይጨመርበታል፤ ኤክስ ሁለት፣ ኤክስ አራት። መምህሩ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብሎ እንደ ምልክቱ ቁጥር በጎማ ይገርፋል። ምን እንዳወሩ የሚጻፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። አንዱ ለጎረቤቱ የሒሳብ ጥያቄ እያስረዳ፣ አንዱ ስለ ኳስ እየተከራከረ፣ አንዷ እናቷ ሆስፒታል መተኛቷን ለጓደኛዋ እየነገረች ሊሆን ይችላል። እኔ ዘንድ ሁሉም ረባሽ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ተመረጥኩ፣ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ገና በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ሰው ምን አለ ብዬ ሳልሰማ ለምን ተናገረ ብዬ መክሰስ ለምጄ ነበር።

የረባሽ ተቃራኒ «ጨዋ ተማሪ» ነው። «ጨዋ ልጅ ናት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አትጠይቅም፣ አትመልስም፣ ዓይኗን አታነሣም። ቃሉ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በዱሮው አነጋገር ጨዋ ማለት ባርነት ያልነካው፣ ነጻ የተወለደ ሰው ነው። በቤተ ክህነት ደግሞ ጨዋ ያልተማረ ማለት ነው፤ ሊቃውንቱ አንዱን «እሱ እኮ ጨዋ ነው» ካሉት ከትምህርቱ ወገን አይደለም ማለታቸው ነው። የነጻ ሰው መጠሪያ የነበረው ቃል እንዴት ተንሸራቶ የዝምተኛ መጠሪያ እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ጆሮ ከተሰማማ «ጨዋ ተማሪ» የሚለው አነጋገር ራሱ አይገጥምም፤ ያልተማረ ተማሪ እንደማለት ነው።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ተረቶች አብረው ይኖራሉ። አንዱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል፤ ሌላው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። አያቶቻችን ሁለቱንም ይዘው እንደ ሁኔታው አንዱን ወይም ሌላውን ያወጡ ነበር። ትምህርት ቤታችን ግን አንደኛውን ብቻ ወስዶ በሩ ላይ የጻፈው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ክርክር አለ። ባህላችን መታዘዝን እንጂ ራስን መግለጥን አያውቅም፤ የተማሪ መብት የሚባለውም ከውጭ የመጣ ነገር ነው ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም፤ የማልቀበልበትም ምክንያት ቅኔ ቤት ነው።

ከቅኔ ቤት የበለጠ ሕግ የሚበዛበት ትምህርት ቤት የለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ሥላሴ ስድስት፤ መወድስ ስምንት። ቤቱ ቢጎድል አይታለፍም፣ ቢተርፍም አይታለፍም። ግሡ መገጣጠም አለበት፣ ዜማው መግጠም አለበት፣ ሰሙና ወርቁ ሳይጋጩ አብረው መሄድ አለባቸው። ተማሪው ይህን ሁሉ ከአስነጋሪው ሥር ቁጭ ብሎ በዓመታት ይማራል። የዋሸራው ተማሪ በአካሄዱ ይለያል፤ የጎንጁም የዋድላውም እንዲሁ። እስከዚህ ድረስ ከሰኞው ሰልፍ የሚለይበት ነገር ያለ አይመስልም።

ግን ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርም። የጓደኛን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ የየኔታን ቅኔ ለየኔታ መልሶ ማቅረብም ያው ነው። ተማሪው ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ አፋፍ፣ ለብቻው ገለል ይልና ቅኔ ይቆጥራል። ሲመለስ ያ ሁሉ ሕግ የሚጠብቀው አንድ ነገር ለመቀበል ነው፤ እስከዚያ ቀን ማንም ያልተናገረውን። ደገመው ከተባለ ቤቱ ቢሞላም አልተቀኘም። ሥርዓቱ በሙሉ፣ ከፊደል ቆጠራ እስከ ግሥ፣ ልጁ በራሱ አፍ አዲስ ነገር እንዲናገር የተዘረጋ ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው ምሳሌ ከአንጥረኛ የመጣ ነው፤ አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያወጣል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ከዚያ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ይወጣና ወርቁ ይገባበታል። ሰሙ ያስፈልጋል። ግን ቀልጦ ካልወጣ ወርቁ የሚገባበት ቦታ የለም።

ቅኔ ቤትን ላስጌጥ አልፈልግም። ልምጭ ነበረ፣ ኩርኩም ነበረ፣ አኮፋዳ አንግቶ ውሻ እየተባረረ የሚለምን የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ፤ ዛሬም አለ። በሩም ለሴት ልጅ እምብዛም አልተከፈተም። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውርዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በሁሉ ዘንድ የከበሩ ናቸው፤ ሆኖም የሴት ቅኔ መምህር ጥቀሱ ስንባል ቶሎ የሚመጣልን የእርሳቸው ስም ብቻ መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሥርዓትና የራስ ድምፅ ጠላቶች ናቸው ብሎ ያስተማረን ቅኔ ቤት አይደለም። ይህን የተማርነው ሰልፍ ላይ ነው።

ስለዚህ ዩኒፎርምን አልቃወምም። አንድ ቀሚስ ብቻ ያላት ልጅ ከሀብታም ልጅ ጎን ስትቀመጥ ማንም እንዳያውቅባት የሚያደርግ ጨርቅ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ስትሰጥ፣ ምገባም ስትጀምር፣ ዩኒፎርም ለመግዛት የቤት ዕቃ የሸጠች እናት ምን እንደተሰማት አውቃለሁ። የቆሎ ተማሪው ደበሎም የዚያው ዓይነት ነው፤ የባለጸጋው ልጅም የድሃውም በአንድ በግ ቆዳ ውስጥ ገብተው በአንድ መንደር ይለምናሉ። ልብስ ልዩነትን ሲሸፍን ቸር ይሆናል።

ዩኒፎርም ግን ማታ ይወልቃል። ልጁ ቤቱ ገብቶ ሹራቡን ሚስማር ላይ ይሰቅልና የራሱን ልብስ ይለብሳል፤ ሰፈር ሲወጣ የእናቱ ልጅ ነው። ጸጉር ሚስማር ላይ አይሰቀልም። ያ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያን ቀን መንገድ የወጣበትን ራሱን ይዞ ቤቱ ገባ፤ እናቱ አየችው፤ በዚያ ራስ ራት በላ፣ በዚያ ራስ ተኛ። ትምህርት ቤቱ እስከ አልጋው ተከትሎት ሄደ። እንዲህ ሳስብ አንድ መለኪያ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ማታ የሚወልቀው የትምህርት ቤቱ ነው፣ ማታ የማይወልቀው የልጁ ነው። ጸጉር፣ ስም፣ የእናት ቋንቋ፣ የሰፈር አነጋገር።

ይህ ሙግት በእኛ በር ላይ ብቻ ያለ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በጋና ርእሰ ከተማ አክራ የሚገኘው አቺሞታ ትምህርት ቤት ጸጉራቸውን ድሬድ ያደረጉ የራስተፈሪያን ልጆችን ካልተቆረጣችሁ አትገቡም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና በዚያው ዓመት ግንቦት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለልጆቹ ፈረደ፤ ጸጉራቸው የእምነታቸው ነው፣ የመማር መብታቸውም በጸጉራቸው ምክንያት አይቀርም ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የማላዊም ፍርድ ቤት እንዲሁ ወሰነ። እነዚህ ልጆች የሚጠሩበት ስም ከእኛ አገር የሄደ ነው። ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን የከፈቱት ሰው ናቸው። የእርሳቸውን ስም እምነታቸው ያደረጉ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ለማስገባት በአክራ ጠበቃ ማቆም ነበረባቸው። በእኛም ከተማ ድሬድ ያለው ልጅ በሩ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ያወቀ ያውቀዋል፤ ያውም ባሕታዊ ጸጉሩን አሳድጎ ሲመጣ ዝቅ ብለን እጅ በምንነሣበት አገር።

መለኪያዬን ይዤ ረክቼ ሳለ አክሱም መጣችብኝ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ ለብሳችሁ አትገቡም ተባሉ፤ ነገሩ ለብሔራዊ ፈተና እስከ መመዝገብ ደርሶ አደናቀፋቸው። ፍርድ ቤት በጥር ወር ክልከላውን ለጊዜው አገደው። ሒጃብ ማታ ይወልቃል። በመለኪያዬ መሠረት የትምህርት ቤቱ ሊሆን ነው። እንዲህ ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘልኝም። ያቺ ልጅ ሒጃቧን ስታወልቅ ቤቷ፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ ሰዎች መሃል ነው፤ በር ላይ አውልቂ ስትባል ግን የሚወልቅባት ጨርቁ አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማለት ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ መለኪያዬ ከጨርቁ ወደ እጁ መሄድ ነበረበት። የሚያወልቀው ማን ነው? ዩኒፎርሙን ልጁ ራሱ ያወልቃል። ጸጉሩን ሌላ ሰው ቆረጠው። ምናልባት ከማታው ይልቅ መመርመር ያለበት ይህ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት መከልከልን ነው። ከመከልከል የሚከፋ ነገር ግን አለ፤ ማስባል። ዝም በል የተባለ ልጅ ቢያንስ ውስጡ ያለውን ይዞ ይገባል። በል የተባለ ልጅ ግን አፉ የራሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ ይቻላል ብሎ በ8 ለ1 ድምፅ ወሰነ። እምቢ ያሉት የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ነበሩ፤ ከውሳኔው በኋላ በየከተማው የእምነቱ ተከታዮች ተደበደቡ፣ ልጆቻቸው ተባረሩ። በ1943 ያው ፍርድ ቤት የዌስት ቨርጂኒያን ጉዳይ ሲያይ በ6 ለ3 የራሱን ውሳኔ ገለበጠ። ዘመኑን ልብ እንበል፤ አገሪቱ በዓለም ጦርነት ውስጥ ናት፣ ብዙ ወጣት ግንባር ነው፣ ውሳኔው የወጣበት ጁን 14 ራሱ የባንዲራ ቀን ነው። ውሳኔውን የጻፉት ሮበርት ጃክሰን ከሁለት ዓመት በኋላ በኑርንበርግ የናዚ መሪዎችን የከሰሱት ሰው ናቸው። የክርክራቸው ፍሬ ነገር፣ በእኔ አነጋገር፣ የአገር ፍቅር ከልጅ አፍ በግድ የሚወጣ ከሆነ መንግሥት ያገኘው ድምፁን ብቻ ነው የሚል ነው።

እኛም አገር ይህ ጥያቄ በርቀት የሚታይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በአዲስ አበባ በርካታ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል፣ መዝሙሩም ይዘመር በሚለው ላይ ግጭት ተነሣ። ተማሪዎች ተጎዱ፣ ታሰሩ፣ ትምህርት ተቋረጠ። ያኔ የተጻፈውን ብዙውን አነበብኩ። አንደኛው ወገን ይዘመር፣ ሌላው አይዘመር ይላል፤ ሁለቱም ስለ ታሪክ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ከተማይቱ ባለቤትነት በስሜት ይከራከራሉ። ሰልፍ ላይ የቆመውን ልጅ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀ ጽሑፍ ግን አላገኘሁም። የአንዱ ልጅ እናት ቋንቋ መዝሙሩ የተጻፈበት ቋንቋ ነው፣ ሲሰማው ደስ ይለዋል፤ አጠገቡ የቆመው ቃሉን አይለየውም። ሁለቱም ልጆች ናቸው። ሁለቱም በትልልቆች ጠብ ውስጥ አፋቸውን ተዋሱ። የምወደው መዝሙር ቢሆን እንኳ፣ ከአጠገቤ ያለው ልጅ በግድ ሲዘምረው መስማት አልፈልግም፤ ፍቅሬን ያቀልብኛል።

ሆኖም ነገሩ በመንግሥትና በርእሰ መምህር ብቻ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ተማሪው ራሱ ሥልጣን ሲይዝስ?

ኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተቋም ተማሪዎች በዚህ አገር ራስን ስለመግለጥ ከማንም በላይ የከፈሉ ናቸው። የኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የሚታደሙበት በዓል ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን በዚያ መድረክ አነበበ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ መሬት ለአራሹ ብለው ወደ ፓርላማ ወጡ። ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ከበው በቆሙት ላይ ተተኮሰ። ይህን ታሪክ በክብር ነው የማነበው።

በመሃሉ ግን መጋቢት 1960 ዓ.ም. አለ። በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ተማሪዎቹ ወገናችን እየተራበ አጭር ቀሚስ ማሳየት የባዕድ ባህል ነው ብለው ተቃወሙ፤ መቃወም መብታቸው ነው። ግን እንቁላል ተወረወረ፣ ለማየት የመጡ ሴቶች ተዋከቡ። ለአራሹ መሬት የጠየቀ አፍ ለእኅቱ የቀሚስ ቁመት ለካላት። በዚያ ሰዓት ቀሚስ ለብሳ ወደዚያ አዳራሽ የሄደች አንዲት ተማሪ ምን እንደተሰማት የጻፈልን የለም ማለት ይቻላል፤ የዘመኑ ታሪክ የተጻፈው በወርዋሪዎቹ ትውልድ ነው። እኔ ግን እንቁላሉ ያረፈባትን አስባለሁ፤ ደግሞም ከጎን ቆሞ የሳቀውን። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ነጻነትን የሚወድ ማኅበር ውስጥም ሰልፍ አለ፤ ከሰልፉ ወጣ ያለ ጸጉር፣ ወጣ ያለ ቀሚስ፣ ወጣ ያለ ጥርጣሬ መቀስ ይጠብቀዋል። ትውልዱ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ ሲጫረስ አንዱ ሌላውን የከሰሰው ብዙ ጊዜ በጥቂት ቃላት ልዩነት መሆኑን ሳስብ የመጋቢቱን አዳራሽ አልረሳውም።

እኔም መምህር ሆንኩ። ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ሦስት በአንድ ዴስክ። ስለዚህ ሥርዓት ይኑር የሚለውን መምህር አልንቀውም። ሰባ አፍ በአንድ ጊዜ ሲከፈት መምህር ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ጎማውን ያነሣውም ሰው ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ደክሞት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው ሲል ለመምህሩ ሌላ መላ አብሮ አልሰጠውም፤ ክፍሉንም አላሳነሰለትም። ኢትዮጵያ ከ30 ዓመት በላይ አስቀድማ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ ይደመጥ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱም ክብደት ይሰጠው ይላል። ልጁ ይወስን አይልም፤ ይደመጥ ነው የሚለው። ያችም ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደምትከብድ የተረዳሁት ስብሰባ ላይ አይደለም።

የሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ነበርኩ። ሚኒ ሚዲያ ማለት በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ ግጥም፣ ዜና፣ የልደት መልካም ምኞት የሚያሰሙበት አንዲት ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ማይክ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ግድግዳ። ደንቡ ማንኛውም ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ለእኔ ይሰጣል ነው። አንድ ቀን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ አመጣችልኝ። ስለ ንጽሕና ነው። ጥሩ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ፊደል ግድፈት አለው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በጣም ረዝሟል። እነዚያን አረምኩ። መሃሉ ላይ ግን የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር የለውም፣ ስለዚህ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ነጠላ ዘርግታ ትቆማለች፣ ጓደኛ የሌላት ደግሞ ሳትገባ ትውላለች የሚል አለ። በዚያ ሳምንት ከክፍለ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግድግዳ እየተቀባ ነበር። ያንን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት፤ ሦስት መስመር ነው።

በዚያ ቅጽበት ልዩነቱ አልታየኝም። የኔታም የተማሪውን ቅኔ ያርማል፣ እኔም አረምኩ ብዬ ነበር። የኔታ ግን የሚያርመው ልጁ ሊል የፈለገው በደንብ እንዲወጣ ነው፤ ቤቱን ይሞላለታል፣ ግሡን ያቀናለታል። የፊደል ግድፈቷን ሳርም እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሦስቱን መስመር ስሰርዝ ግን በዚያው እስክሪብቶ፣ በዚያው እጅ፣ ሌላ ሰው ሆንኩ።

ወረቀቱን መለስኩላት። ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ቀዩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችኝ።

«ቲቸር፣ አሁን የእርስዎ ሆኗል፤ እርስዎ ያንብቡት» አለችኝ።

በአክብሮት ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም። ረባሽ ብዬ የምመዘግብበት ምንም ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ፤ እሷ በሩን በቀስታ ገጠም አድርጋ ወጣች። ያን ቀን በዕረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ዘፈን ብቻ ሲያሰማ ዋለ። በመስኮት ሳይ ሁለት ልጆች ነጠላ ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤቱ እየሄዱ ነበር።